የሐረማያ ሐይቅ ዳርቻ ድሮ የት ድረስ ነበር? (ፎቶ አለኝ፣ ቦታውን ለዩልኝ)

ሰንጋ_በር (ሐረር)

ሰላም ለሁላችሁ። የአባቴን የድሮ አልበም ስናገላብጥ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ወጣ። አባቴ አፍሮውን አበጥሮ፣ ቤል ቦተሙን ለብሶ፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ውሃ ዳር ቆሟል። ውሃው ሰፊ ነው፤ ማዶ ላይ የሚታየው ቀጭን የኮረብታ መስመር ብቻ ነው። በስተቀኝ ቆርቆሮ የለበሰች አነስተኛ የድንጋይ ቤት አለች፣ ከሥሯ ወፍራም ቱቦ ወደ ውሃው ገብቷል። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «1966» ተብሎ ተጽፏል፤ ሌላ ምንም የለም። አባቴ አርፏል፣ ሊጠየቅ አይችልም።

እናቴ «ዓለማያ ነው (ሐረማያን በድሮ ስሙ ነው የምትጠራው)፣ እኔም ሄጄ አውቃለሁ» ትላለች። አጎቴ ደግሞ «ዓለማያ እንዲህ ያለ ባሕር አልነበረውም፣ ይሄ ቢሾፍቱ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ለዳኝነት አልመችም። ልጅ ሆኜ ወደ ድሬ ስንወርድ ከመኪና መስኮት ትንሽ ውሃ ማየቴ ትዝ ይለኛል፤ ልብ ስገዛ ግን ከብት ይግጥበት ነበር። የድሮውን ዳርቻ የምታውቁ፣ የት ድረስ እንደነበረና ሰው እንዴት ይዝናናበት እንደነበር ንገሩኝ። ፎቶውን ከሥር አያይዤዋለሁ።

ባቴ_ምሩቅ (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ እናትህ ልክ ናቸው። አጎትህ የቢሾፍቱን ሐይቆች ዳር ድረስ ወርዶ አላያቸውም። ቢሾፍቱ፣ ሆራ፣ ባቦጋያ የሚባሉት እሳተ ገሞራ የቦረቦራቸው ናቸው፤ ዙሪያቸው ገደል ነው፣ ውሃውም ከዳሩ ጥቂት ራቅ እንዳልክ ይውጥሃል። አባትህና ጓደኞቹ የቆሙት ለጥ ያለ ሣር ላይ ነው። ማዶውም ዝቅ ብሎ የራቀ ነው። ይህ የሐረማያ ሜዳ ነው።

እኔ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እዚያ የእርሻ ኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ። ጃንሆይ በጥር 1950 ዓ.ም. መርቀው የከፈቱት፣ ከአሜሪካ ኦክላሆማ የመጡ መምህራን ያቋቋሙት ኮሌጅ ነው፤ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምትሉት። እኛ ስንገባ የኦክላሆማ ሰዎች ከሄዱ ብዙም አልቆየም፤ ላቦራቶሪውም ትራክተሩም የነሱ ስጦታ ነበር። እሑድ ኮሌጁ ካለበት ከባቴ በእግር ወደ ሐይቁ እንሄዳለን። ከሐረር ቤተሰቡ ምሳውን በአገልግል ቋጥሮ ይመጣል፤ ከጦር አካዳሚው ዕጩ መኮንኖች ልብሳቸውን አስተኩሰው ይመጣሉ (ልጃገረዶቹ የሚያዩት እነሱን ነበር፤ የእበት ሽታ ያለውን የግብርና ተማሪ ማን ዞሮ ያየዋል!)። ከድሬ ሙቀት ሸሽተው የሚመጡትም ብዙ ነበሩ። ድሬ 1,200 ሜትር ላይ ናት፣ ሐይቁ ደግሞ 2,000 ሜትር ላይ፤ ሹራብ ሳይዙ መጥተው ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ እናያለን።

አሸዋ ግን አልነበረውም። መጀመሪያ ሣር፣ ከሣሩ ቀጥሎ ቄጠማ፣ ከቄጠማው ቀጥሎ ጭቃ ነው። መዋኘት የፈለገ ያንን ጭቃ እየረገጠ ማለፍ ነበረበት፤ ስለዚህ አብዛኛው ሰው ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ፎቶ ይነሣል።

ገንደ_ቆሬ (ድሬዳዋ)

አቦ ጋሼ ባቴ፣ ስለ ሹራቡ እውነትህን ነው! እናቴ እስከዛሬ «ዓለማያ ስንሄድ ጋቢ ያዙ» ትላለች፣ እኛ ደግሞ አንሰማም።

ለድሬ ልጅ ግን እውነተኛው ባሕር ጅቡቲ ነበር። አባቴ የምድር ባቡር ሰው ነው፤ ከድሬ ጅቡቲ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በባቡር ወርዶ፣ የታጁራን ባሕረ ሰላጤ አይቶ፣ ጨው ጨው እየሸተተ ይመለስ ነበር። እኛን ይዞን አልወረደም። ለእኛ የቀረልን የደቻቱ አሸዋ ነው። ክረምት ካልሆነ በቀር ወንዙ ደረቅ ነው፤ ኳስ እንጫወትበታለን፣ ግመል ያልፍበታል፣ ማታ ማታ ቀዝቀዝ ሲል ሰው ከከዚራም ከመጋላም ወርዶ ይቀመጥበታል። ወላሂ ከዚያ የተሻለ ባሕር ዳርቻ አላውቅም፤ ውሃ የለውም እንጂ።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ የሐረር ልጆች፦ ውሃችሁን አሁን የምትጠጡት ከኛ ነው። ስለ ባሕር ስታወሩ በትሕትና!

ውሃ_ልክ (ሐረር)

ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። የድንጋይ ቤቷ የፓምፕ ቤት ናት፤ ከሥሯ የሚታየው ቱቦ መምጠጫው ነው። ሐረር ለዐሥርተ ዓመታት የጠጣችው ከዚያ ሐይቅ ነበር፤ ውሃው ተስቦ፣ ዳር ላይ ባለው ማጣሪያ ታክሞ፣ በቱቦ ወደ ከተማ ይሄዳል። ሐረማያና አወዳይ ከተሞችም፣ ዩኒቨርሲቲውም ከዚያው ይጠጡ ነበር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እንጀራዬ እዚያው መስመር ላይ ስለነበር ስለ ዳርቻው የማውቀውን ልናገር።

«ዳርቻው የት ድረስ ነበር?» ብለህ ስትጠይቅ መልሱ «በየትኛው ዓመት?» የሚል ነው። ሐረማያ ሳህን ነው፣ ድስት አይደለም። በደህናው ዘመን እንኳ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ወለሉም ለጥ ያለ። ገደላማ ሐይቅ አንድ ሜትር ቢቀንስ ዳሩ ላይ ያለ ሰው ልብ አይለውም። ሐረማያ አንድ ሜትር ሲቀንስ ግን ውሃው በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ሸሽቶ ታገኘዋለህ። ስለዚህ የበልጉም የክረምቱም ዝናብ በደህና በጣለበት ዓመት አንድ ቦታ፣ በጎደለበት ዓመት ሌላ ቦታ ነው። በአባትህ ፎቶ ውሃው ፓምፑ ቤት ሥር ነው። እኔ ሥራ ስጀምር ትንሽ ራቅ ብሏል። ኋላ ላይ ቱቦ እየቀጠልን፣ ቦይ እየቆፈርን ውሃውን ተከትለን መሄድ ሆነ ሥራችን። መጨረሻ ላይ ፓምፑ የሚስበው ጭቃ ነበር።

ሌላው ሰው የማያስበው ነገር፣ ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም። የሚገባው በዙሪያው ካሉ ኮረብታዎች የሚወርድ ጎርፍ ነው፤ የሚወጣው በፀሐይ ትነት፣ ከዚያ በኋላም በሰው ፓምፕ። አካባቢው በዓመት የሚያገኘው ዝናብ 800 ሚሊ ሜትር ቢሞላ ነው፤ ከሐይቁ ገጽ የሚተነው ከዚያ ይበልጣል። እንግዲህ ከላይ ከሚዘንብበት በላይ ፀሐይ የምትወስድበት ሐይቅ ነው። ያኖረው ከኮረብታው የሚወርደው ውሃ ነበር። ኮረብታው ሲራቆት ውሃው አፈር ይዞ መውረድ ጀመረ፣ አፈሩ ወለሉን ሞላው፤ ጥልቀቱ ሲቀንስ የቀረው ውሃ ስስ ሆኖ ተዘረጋና ቶሎ ሞቀ፣ ቶሎ ተነነ። ከዚያ ላይ የከተሞቹ ቱቦና የገበሬው ሞተር ሲጨመርበት፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ አለቀ።

ገንደ ቆሬ የቀለድከው ቀልድ እውነት ነው። ከዚያ ወዲህ በአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ በተሠራ መስመር የሐረር ውሃ በድሬዳዋ በኩል ካለው ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች ይመጣል። ቆላ ላይ ተስቦ፣ በየደረጃው በፓምፕ እየተገፋ፣ ሰማይ የሚያህለውን ዳገት ወጥቶ ነው ሐረር የሚደርሰው። ከ20 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ውሃ ነበረን፤ አሁን መብራት ሲጠፋ ውሃም አብሮ ይጠፋል።

ገንደ_ቆሬ (ድሬዳዋ)

ጋሼ ውሃ ልክ፣ ከዚህ በኋላ አልቀልድም አቦ። ይሄን ያህል አላውቅም ነበር።

ደቻቱ_ማዶ (ድሬዳዋ)

ገንደ ቆሬ፣ የደቻቱን አሸዋ እኔም እወደዋለሁ፤ ግን «ውሃ የለውም እንጂ» ስትል ሰውነቴን ወረረኝ። በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ውሃ ነበረው። ከተማው ላይ ያን ያህል አልዘነበም፤ ደጋው ላይ ዘነበ፣ ሰው በተኛበት ወረደበት፤ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ከዚያ በኋላ ነው ዳርና ዳሩ በግንብ የታጠረው። አሸዋው ላይ ያመሸነው ልጆች ነገሩ የሚገባን አሁን ነው።

ጋሼ ውሃ ልክ ያሉትን ሳነብ አንድ ነገር ታየኝ። ሐይቁ የደረቀበትና ጎርፉ የመጣበት ጊዜ የተራራቀ አይደለም፤ ሁለቱም የሐረርጌ ደጋ መራቆት ውጤት ናቸው። ወደ ሐረማያ ያጋደለው ኮረብታ አፈሩን ሐይቁ ውስጥ አፈሰሰ፤ ወደኛ ያጋደለው ውሃውን ሳይዝ ለቀቀብን።

የአወዳይ_ልጅ (አወዳይ)

እስካሁን ማንም ጫት ስላላለ አላህ ይስጣችሁ፤ ግን እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ቀድሜ ልናገር። ሐይቁ ሲነሣ ሁሌ «ጫት ነው ያደረቀው» ይባላል። ጫት ድርቅ ይችላል። አያቶቻችን ያለ ሞተር በዝናብ ብቻ አብቅለውታል። ሐይቁ ዳር በሞተር ቀን ከሌት ሲጠጣ የነበረው ድንችና ሽንኩርት፣ ሰላጣና ጎመን ነው። ያንን ደግሞ የሚበላው ማን ነው? ድሬ፣ ሐረር፣ ጅቡቲ። ከተሜው ድንቹን በልቶ፣ ውሃውን በቱቦ ወስዶ፣ ዞሮ ገበሬውን ይወቅሳል።

ሐረማያ_02 (ሐረማያ)

ወንድሜ የአወዳይ ልጅ፣ ግማሹን ብለሃል፣ ግማሹን ዋጥ አድርገሃል። ጫት በዝናብ ይበቅላል፤ ግን በበጋ፣ ገበያው ላይ ጫት በጠፋበት ሰዓት፣ ዋጋው እጥፍ ሲሆን ትኩስ ቅጠል ለማውጣት ውሃ ይጠጣል። አወዳይ ገበያ ሌሊቱን ሙሉ የሚጫነው የበጋ ጫት ከየት መጣ? ይሄን አንተም ታውቀዋለህ፤ እኛም ቤት ነበረ።

የኛ መሬት ሐይቁ ዳር ነው። አባቴ ሲነግረን፣ ልጅ እያለ ቄጠማው የሚጀምረው ከማሳችን ጫፍ ነበር። ከዚያ ውሃው አንድ እርምጃ ሲሸሽ እኛ አንድ እርምጃ ተከተልን። ጎረቤትም እንደዚያው። ከውሃ የወጣ መሬት ጥቁርና ለስላሳ ነው፣ ድንች ጥለህበት ምርቱን ማየት ነው። ማንም «ሐይቅ እያደረቅን ነው» ብሎ አላሰበም፤ «የዘንድሮ ማሳ ሰፋ» ነው የተባለው። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ደግሞ ወለሉ ላይ ጉድጓድ ቆፈርን። ውሃው ሩቅ አልነበረም፤ ሞተሩን ጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀምጦ መሳብ ነው። እናቶቻችን ለቤት የሚሆን ከዚያው ይቀዱ ነበር፤ ወጣቶቹ መሐሉ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ልጆች እያለን «ሐይቅ ሄድን» ስንል ደረቅ መሬት ላይ ሩጫ ማለት ነበር።

ሰንጋ በር፣ ያቺን ፎቶ አባቴ አየና ዝም አለ። ከዚያ «ያ ባሕር ዛፍ ተቆርጧል» ብቻ አለ። ፓምፕ ቤቷ ያለችበትን ስፍራ በሐሳቡ ለይቶታል፤ አሁን ባለው ውሃ ከዳሩ ራቅ ብላ ደረቅ ላይ ነው የምትውለው።

ሰንጋ_በር (ሐረር)

ሐረማያ 02፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ለአባትሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አጎቴ የፓምፑን ነገር ሰምቶ «እንግዲያው ይሁን» አለ፤ ከሱ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ወፍ_ቆጣሪ (ድሬዳዋ)

ስለ ሰው ብዙ ተወራ፤ ስለ ወፎቹ ማንም አላነሣም። ሐረማያና ጎረቤቱ አዴሌ ሁለቱ በአንድ ላይ፣ ለአእዋፍ ወሳኝ ከሆኑ የኢትዮጵያ ቦታዎች አንዱ ተብለው ተመዝግበዋል። በበጋ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት የውሃ ወፎች፣ ዳክዬውም፣ ረጃጅም እግር ያላቸው የጭቃ ወፎችም ያርፉበት ነበር፤ ፍላሚንጎም ይታይ ነበር። ጋሼ ባቴ «ጭቃ ነው» ብለው ያማረሩት ዳርቻ ለወፍ ማዕድ ነው። ጥልቅና ጥርት ያለ ዳርቻ ላይ ያን ያህል ወፍ አይገኝም።

ሐረማያ ሲደርቅ አዴሌም ተከተለ። ሁለቱ ሲጠፉ በዚህ ደጋ ላይ ወፎቹ የሚያርፉበት ሰፊ ውሃ አልቀረም። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ሐረማያ ውሃ መያዝ ሲጀምር ግን ተመልሰው መጡ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም።

ባቴ_ምሩቅ (አዲስ አበባ)

እኔም ውሃው መመለሱን በቴሌቪዥን አየሁ፣ አላመንኩም። እዚያ ያላችሁ፣ እውነት የዝናብ ኩሬ ነው ወይስ ሐይቅ?

ሐረማያ_02 (ሐረማያ)

ሐይቅ ነው ጋሼ። ኮረብታው ላይ እርከን ተሠራ፣ ዛፍ ተተከለ፣ ደለሉ ተጠረገ፣ ሞተር ዳር ላይ ማስቀመጥ ተከለከለ፤ ዩኒቨርሲቲውም ወረዳውም ገበሬውም ገቡበት። ከዚያ ላይ ክረምቱ ተከታትሎ ደህና ጣለ። ከነዚህ የትኛው የበለጠ እንደሠራ ብትጠይቀኝ የኔ ግምት ዝናቡ ነው፤ እርከኑ ባይኖር ግን ዝናቡ እንደገና አፈር ይዞ ነበር የሚመጣው። የድሮውን ያህል አይደለም፣ እርስዎ የሚያውቁት ቄጠማ ገና ነው። ግን ቅዳሜና እሑድ ሰው ይመጣል፤ ሻይ የምትሸጥ፣ ሳምቡሳ የምትጠብስ አለች፣ ሙሽሮች ከሐረርና ከድሬ ለፎቶ ይመጣሉ።

የአወዳይ_ልጅ (አወዳይ)

ሙሽራ ይምጣ፣ ደስ ይለናል። ግን መሬቱን ለቆ ዳር የወጣው ገበሬስ? ወለሉ ላይ ድንች ይተክል የነበረ ሰው ውሃው ሲመለስ ማሳው ከሥር ነው የቀረው። «ሐይቁ ዳነ» ሲባል እሱም እልል ማለት አለበት ማለት ነው?

ሐረማያ_02 (ሐረማያ)

ይሄንንስ ልክ ብለሃል። እኛ ቤት እልልም ተባለ፣ ሽንኩርትም ተቆጠረ።

ውሃ_ልክ (ሐረር)

የአወዳይ ልጅ ያነሣው ነገር ካልተፈታ ውሃው አይሰነብትም። ሰው የሚበላው ካጣ ሌሊት ሞተር ያስነሣል፤ ዘበኛ አይችለውም። እዚያ መስመር ላይ ባሳለፍኩት ጊዜ ያየሁት ይሄንን ነው። ክልከላው ዝናብ ጥሩ በሆነበት ዓመት ይከበራል፤ ፈተናው ክረምት የጎደለ ዓመት ሲመጣ ነው። ዳር ላይ ቤት፣ ሆቴል ለመሥራት የሚያስቡም ሰምቻለሁ። ለእነሱ የምለው፣ የዘንድሮውን ዳር አይታችሁ መሠረት አትጣሉ። የአባትየውን ፎቶ ተመልከቱ፤ ውሃው እስከ ፓምፑ ቤት ደርሶ ያውቃል፣ ሊመለስም ይችላል። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ የሐይቁ ነው።

ሰንጋ_በር (ሐረር)

እሑድ ልጆቹንና እናቴን ይዤ ልሄድ አስቤያለሁ። ልጆቹ መዋኘት ካላስገባኸን እያሉ ነው። ይቻላል?

ሐረማያ_02 (ሐረማያ)

አይቻልም! ይህንን ሁላችሁም ስሙኝ። ወለሉ ላይ የቆፈርናቸው ጉድጓዶች አልተደፈኑም፣ ሁሉም ባይሆኑ ብዙዎቹ። አሁን ውሃው ከላይ ሸፍኗቸዋል። ጉልበትህ ድረስ በሆነ ውሃ ውስጥ እየተራመድክ በአንድ እርምጃ ከራስህ በላይ ትገባለህ፤ ከሥር ደግሞ ደለሉ እግር ይይዛል። ዋና የሚችልም አይተርፍም። ከላይ የተረጋጋ ስለሚመስል ነው ሰውን የሚያታልለው። የሰፈሩ ልጅ የትኛው ማሳ ላይ ጉድጓድ እንደነበረ ያውቃል፣ እንግዳ አያውቅም። ልጆቹ ዳር ላይ እግራቸውን ይንከሩ፣ ከዚያ አይለፉ፤ አንተም አጠገባቸው ቁም።

ገንደ_ቆሬ (ድሬዳዋ)

ያ አላህ። እኛ ባለፈው ዘለን ነበር የገባነው።

ሐረማያ_02 (ሐረማያ)

እንግዲህ አላህ ጠብቋችኋል፤ አትድገሙት። ሰንጋ በር፣ ከሐረር ስትመጡ በጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፣ ለእናትህም ይበርዳል። ጋቢ ያዙላቸው። ሐረማያ ከተማ ስትደርስ ደውልልኝ አልልህም፣ ስልክ እዚህ አይጻፍም፤ ግን ዳር ላይ ሳምቡሳ የምትጠብሰዋን ጠይቅ፣ የፓምፑን ቤት ቦታ ታሳይሃለች፣ አክስቴ ናት።

ወፍ_ቆጣሪ (ድሬዳዋ)

እኔም እሑድ እዚያው ነኝ። መነጽር የያዘ ሰው ካያችሁ ልጆቹን አምጧቸው፣ ወፎቹን አሳያቸዋለሁ። ድምፅ ማጉያ ይዞ የሚመጣ ካለ ግን ከሩቁ ያቁመው።